ሚንጊ፣ ፅንስ ማስወረድ እና የክርስቲያን ድምፅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በጂንካና በአካባቢዋ በምናገለግልበት ጊዜ ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች መካከል ሁለቱ ደጋግመው ይመጣሉ። የመጀመሪያው ከወጣቶች፣ በተለይም ከተማሪዎች የሚነሣ ነው፤ «የሀገሪቱ ሕግ በተወሰነ ሁኔታ ፅንስ ማቋረጥን ከፈቀደ ቤተ ክርስቲያን ለምን ትከለክላለች?» ይላሉ። ሁለተኛው የምርጫ ወቅት ሲቃረብ የሚሰማ ነው፤ «ክርስቲያን መሪውን ሲመርጥ በምን ሊመዝን ይገባዋል? ስለ ሕይወት ያለውን አቋም መጠየቅስ ይኖርበታል?» የሚል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ቢመስሉም ሥራቸው አንድ ነው። የሰው ሕይወት የማን ነው? ሕይወትን የመጠበቅ ኃላፊነትስ ለማን ተሰጥቷል? የሚሉትን ሳይመልሱ ሁለቱንም መመለስ አይቻልም።

በደቡብ ኦሞ ይህ ጉዳይ ከሌላው ቦታ ይልቅ ክብደት አለው። ምክንያቱም በዚህ ምድር ስለ ሕፃናት ሕይወት ሲነገር ጉዳዩ በማኅፀን ባለው ፅንስ ብቻ አያበቃም፤ ከተወለዱ በኋላ «ሚንጊ» ተብለው የተፈረደባቸውንም ሕፃናት ይጨምራል።

ሚንጊ ምንድን ነው?

በሐመር፣ በበና፣ በበሻዳና በካራ ወንድሞቻችን ዘንድ ከጥንት ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ልማድ መሠረት አንዳንድ ሕፃናት የተረገሙ ወይም ርኵስ ተደርገው ይቆጠሩ ነበር። የላይኛው ጥርሱ ከታችኛው ቀድሞ የበቀለ ሕፃን፣ መንታ ሆነው የተወለዱ፣ ያለ ጋብቻ የተፀነሰ፣ ወላጆቹ ተጋብተውም ቢሆን በሽማግሌዎች ዘንድ አስፈላጊው ሥርዐት ሳይፈጸም የተፀነሰ ልጅ ሚንጊ ይባላል። እንዲህ ያለው ሕፃን በመንደሩ ከኖረ ዝናብ ይጠፋል፣ ከብት ያልቃል፣ በሽታ ይገባል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ሕፃኑ በዱር ይጣላል፣ ወይም በወንዝ ይወረወራል፣ ወይም በሌላ መንገድ ይገደላል።

ይህን ስንጽፍ እነዚህን ሕዝቦች ለመንቀፍ አይደለም። ልማዱን የሚቃወመው ድምፅ በመጀመሪያ የወጣው ከራሳቸው መካከል ነውና። የካራ ተወላጅ የሆነው ላሌ ላቡኮ ሁለት ታላላቅ እኅቶቹ እርሱ ከመወለዱ በፊት ሚንጊ ተብለው መገደላቸውን ካወቀ በኋላ ልማዱ እንዲቀር ተነሥቷል፤ ከሞት የተረፉ ሕፃናትም በጂንካ ከተማ በተከፈተ ቤት እንዲያድጉ አድርጓል። በ2004 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የካራ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ልማዱ እንዲቆም ወሰኑ። በሌሎቹ ዘንድ ግን ሙሉ በሙሉ ቀርቷል ብሎ አፍን ሞልቶ ለመናገር ገና ነው።

ሚንጊን የሚፈጽሙ ሰዎች ልጆቻቸውን የማይወዱ አይደሉም። አንዱ ቢጠፋ ብዙዎች ይተርፋሉ ብለው ስለሚያስቡ ነው። ይህ አሳብ በቅዱስ መጽሐፍ ከማን አፍ እንደ ወጣ እናውቃለን። ሊቀ ካህናቱ ቀያፋ ሕዝቡ ሁሉ ከሚጠፋ አንድ ሰው ቢሞት ይሻላል ብሎ በጌታችን ላይ የመከረው በዚህ ስሌት ነበር (ዮሐ. 11፥50)። ብዙዎችን ለማዳን ንጹሑን አሳልፎ መስጠት የሚለው ምክር በሥጋዊ ዓይን ጥበብ ቢመስልም የክርስቶስን ሞት ያስፈረደ ምክር ነው።

ቅዱስ መጽሐፍ ለሚንጊ ያለው መልስ

መንታ መወለድ እርግማን ቢሆን ኖሮ የእስራኤል አባት ያዕቆብ ባልኖረ ነበር፤ ከወንድሙ ከዔሳው ጋር በአንድ ማኅፀን ያደረ መንታ ነበርና (ዘፍ. 25፥24)። ጌታችን በሥጋ ከተወለደበት ከይሁዳ ነገድ የሆነው ፋሬስም ከወንድሙ ከዛራ ጋር መንታ ሆኖ ተወልዷል (ዘፍ. 38፥27-30)፤ ስሙም በወንጌሉ የትውልድ ሐረግ ተጽፏል (ማቴ. 1፥3)። ከዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት አንዱ የሆነው ቅዱስ ቶማስም ዲዲሞስ ይባል ነበር፤ ትርጓሜውም መንታ ማለት ነው።

በሰውነቱ ልዩ ምልክት ወይም ጉድለት ኖሮት የተወለደ ሰው የእርግማን ውጤት ነው የሚለውን አሳብ ደቀ መዛሙርቱ ራሳቸው ለጌታ አቅርበውለት ነበር። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ማን ኃጢአት ሠርቶ እንደዚህ እንደ ሆነ ጠየቁ። ጌታችን ግን የእርሱም የወላጆቹም ኃጢአት ምክንያት እንዳልሆነ፣ የእግዚአብሔር ሥራ በእርሱ እንዲገለጥ መሆኑን አስተማራቸው (ዮሐ. 9፥1-3)። በዚህ መልስ የሚንጊ ፍርድ ከሥሩ ይነቀላል። ጥርሱ ከላይ ቢበቅልም ከታች፣ ሕፃኑ የእግዚአብሔር ሥራ የሚገለጥበት ፍጡር ነው።

ያለ ጋብቻ ስለ ተፀነሰው ልጅስ? ነቢዩ ሕዝቅኤል ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም ተናግሯል (ሕዝ. 18፥20)። ወላጆች በድለው ከሆነ ንስሓ የሚገቡት ወላጆች ናቸው። ሕፃኑ የሚገባው ጥምቀት ነው፤ ወንድ ቢሆን በ40 ቀን፣ ሴት ብትሆን በ80 ቀን። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ሕፃኑን ስታጠምቅ የወላጆቹን የጋብቻ ታሪክ ቅድመ ሁኔታ አድርጋ የልጅነትን ጸጋ አትነፍገውም።

የከተማው ሚንጊ

እስከዚህ ያለውን የሚያነብ የከተማ ምእመን «እውነት ነው፤ ይህ ክፉ ልማድ ነው» ብሎ ሊስማማ ይችላል። ነገር ግን ቆም ብለን ራሳችንን እንመርምር። በቆላው ያለ ጋብቻ የተፀነሰ ልጅ ሚንጊ ተብሎ ይጣላል። በከተማችንስ ያላገባች ልጃችን ፀንሳ ስትገኝ ምን እናደርጋለን? «ስማችንን አጠፋሽ» ብለን ከቤት የምናስወጣ፣ «በዝምታ ጨርሺው» ብለን ገንዘብ የምንሰጥ፣ ወይም ልጅ አስፀንሶ ስልኩን የሚዘጋ ወጣት ያሳደግን እኛ ከዚያ ሽማግሌ በምን እንሻላለን? እርሱ ዝናብ ይጠፋል ብሎ ፈርቷል፤ እኛ የጎረቤት አፍ ፈርተናል። በፍርሃቱ ዓይነት እንለያያለን እንጂ በሁለቱም በኩል የሚከፍለው ያው ምንም ያልበደለው ሕፃን ነው።

ቤተ ክርስቲያን ሁለቱን ለያይታ አላስተማረችም። «ዲዳኬ» በሚል ስም የሚታወቀው የሐዋርያት ዘመን ቅርብ የሆነው የትምህርት መጽሐፍ ፅንስ ማስወረድንና የተወለደውን ሕፃን መግደልን ጎን ለጎን አስቀምጦ ይከለክላል። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቴናጎራስ ለሮም ነገሥታት ባቀረበው የእምነት መከላከያ ጽሑፉ ክርስቲያኖች ሰው ይገድላሉ ተብለው ሲከሰሱ፣ በመድኃኒት የሚያስወርዱትን ነፍሰ ገዳይ የሚል፣ ሕፃን አውጥቶ መጣልንም እንደ መግደል የሚቆጥር ሕዝብ እንዴት ሰው ይገድላል ሲል ሞግቷል። በሮም ዓለም የማይፈለግ ሕፃን በመንገድ ዳር ይጣል ነበርና። ሚንጊ የአንድ አካባቢ ወይም የአንድ ቀለም ኃጢአት አለመሆኑን ይህ ታሪክ ያስረዳናል።

ሕይወት ከመቼ ይጀምራል?

የቤተ ክርስቲያናችንን መልስ ለማግኘት የበዓላት አቆጣጠራችንን መመልከት ብቻ ይበቃል። በመጋቢት 29 ቀን የምናከብረው የጌታችንን በዓለ ትስብእት፣ ይኸውም በእመቤታችን ማኅፀን የተፀነሰበትን ዕለት ነው። አምላክ ሰው የሆነው በቤተ ልሔም ሲወለድ አይደለም፤ በናዝሬት ሲፀነስ ነው። ነሐሴ 7 ቀን የእመቤታችን ፅንሰት፣ መስከረም 26 ቀን የመጥምቁ ዮሐንስ ፅንሰት ይታሰባል። ገና ማንነት የሌለውን ነገር በዓል አድርጎ የሚያከብር የለም። ቤተ ክርስቲያን የፅንሰትን ዕለት ስታከብር በማኅፀን ያለው ሰው መሆኑን በዜማዋ ትመሰክራለች።

ቅዱሳት መጻሕፍትም በዚህ ይስማማሉ። ኤርምያስ በማኅፀን ሳይሠራ በእግዚአብሔር ዘንድ የታወቀ ነበር (ኤር. 1፥5)። ዳዊት ገና ቅርጽ ሳይኖረው የእግዚአብሔር ዓይኖች እንዳዩት ዘምሯል (መዝ. 138፥13-16)። የስድስት ወር ፅንስ የነበረው ዮሐንስ በቅርቡ በእመቤታችን ማኅፀን ለተፀነሰው ጌታ በደስታ ዘሏል (ሉቃ. 1፥41-44)። በዚያች ቀን በይሁዳ ተራራማ ሀገር የተገናኙት ሁለት እናቶች ብቻ አልነበሩም።

ከዚህ የተነሣ ቀኖና ቤተ ክርስቲያን ፅንስ ማስወረድን ከነፍስ ግድያ ይመድበዋል። ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ ፅንሱ ቅርጽ ይዟል ወይስ አልያዘም የሚለውን ክርክር ሳይቀበል ድርጊቱን በነፍሰ ገዳይነት ያስጠይቃል። ነገር ግን እዚያው ላይ ቀኖናው እስከ ሞት እንዳይሆን፣ ዐሥር ዓመት እንዲሆን፣ ይህም በጊዜ ርዝመት ሳይሆን በንስሓው ሁኔታ እንዲመዘን ያዝዛል። ፍትሐ ነገሥታችን ከሚጠቅሳቸው የቀኖና ምንጮች አንዱ የሆነው በ314 እ.ኤ.አ. የተደረገው የዕንቆራ (አንኪራ) ጉባኤም ቀድሞ ዕድሜ ልክ የነበረውን ቅጣት ወደ ዐሥር ዓመት አቅልሎታል። አባቶቻችን በደሉን አላቃለሉም፤ በደለኛዋን ግን ተስፋ አላሳጡም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ሲቈጣ ወቀሳውን በሴቲቱ ላይ ብቻ ሳይሆን ለዚህ ባበቃት ወንድ ላይ አድርጓል። በዘመናችን ሴቲቱን ብቻ የሚኮንን ስብከት የአባቶች ስብከት አይደለም።

የሀገራችን ሕግ ምን ይላል?

ምእመናን ሕጉን በወሬ ሳይሆን በልኩ ሊያውቁት ይገባል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ፅንስ ማቋረጥን የሚፈቅደው እናቲቱን ከከባድ አደጋ ለማዳን ብቻ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው አዲሱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 545 ድርጊቱ በመርሕ ወንጀል መሆኑን ደንግጎ፣ በአንቀጽ 551 ግን የማያስቀጡ ሁኔታዎችን ዘርዝሯል። እነዚህም እርግዝናው በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመዶች መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ሲሆን፣ የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ የሚጥል ሲሆን፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ሲኖረው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡሯ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም በዕድሜዋ ማነስ ምክንያት ልጁን ለማሳደግ የማትችል ስትሆን ነው።

ሕጉ እንዲሻሻል የጠየቁት ወገኖች በስውርና ንጽሕና በጎደለው መንገድ ሲያስወርዱ የሚሞቱ ሴቶችን በመጥቀስ ነበር። ይህን ሞት ቤተ ክርስቲያን አቅልላ አታየውም፤ የሞተችውም ልጇ ናትና። ሆኖም ሁለት ነገሮችን መለየት አለብን። አንደኛ፣ ሕጉ አያስቀጣም አለ እንጂ አድርጉ ብሎ አላዘዘም። ማንም ክርስቲያን ሴት፣ ማንም ወላጅ በዚህ ሕግ ተገድዶ ፅንስ እንዲያቋርጥ አይደረግም። ሕግ ያልቀጣው ሁሉ ለነፍስ የሚጠቅም እንዳልሆነ ሐዋርያው ያስተምረናል (1ኛ ቆሮ. 6፥12)። ሁለተኛ፣ አንቀጹ ከሚዘረዝራቸው ሁኔታዎች አንዱ ፅንሱ በአካል ጉድለቱ ምክንያት እንዲወገድ የሚፈቅድ ነው። ሕፃንን በሰውነቱ ምልክት ለይቶ ከሕይወት የሚያስወጣውን ሚንጊን «ጎጂ ልማድ» ብለን እየከለከልን፣ በሕክምና መሣሪያ የታየውን የአካል ጉድለት ግን ለሕይወት መጥፋት በቂ ምክንያት ማድረጋችን ክርስቲያናዊ ኅሊናን ሊያሳስብ ይገባዋል።

ስለ ከባዱ ሁኔታ ደግሞ ግልጽ መሆን አለብን። እርግዝናው ከማኅፀን ውጭ የተፈጠረ ሲሆን ወይም እናቲቱ በሞት አፋፍ ላይ ሳለች ሐኪሞች ሕይወቷን ለማትረፍ በሚያደርጉት ሕክምና ፅንሱ ሊድን ባይችል፣ ይህ ልጅ ላለመፈለግ ከሚደረግ ውርጃ ጋር አንድ አይደለም። እናትን እንድትሞት መተው የሕይወት ጥበቃ አይባልም። እንዲህ ያለው ነገር ሲገጥም ቤተሰብ ከሐኪምና ከንስሓ አባት ጋር ፈጥኖ ይመካከር።

ተጠልፋ ወይም ተደፍራ የፀነሰችውን እኅት በተመለከተም ሕፃኑ የአባቱን ወንጀል አይሸከምም ብሎ ማስተማር ተገቢ ነው። ነገር ግን ይህን ቃል እርሷን ለመውቀስ የሚጠቀምበት ሰው ቁስሏ ላይ ጨው ይነሰንሳል። የተበደለች ናት። የመጀመሪያው ግዴታችን እርሷን መጠበቅ፣ ማሳከምና የበደላትን ሰው ለፍርድ ማቅረብ ነው። በሽምግልና ከብት ተቀብሎ ነገሩን ማዳፈን እርሷንም ልጇንም መካድ ነው።

ከምርጫ ሳጥን ጋር ምን አገናኘው?

ከላይ የጠቀስነው የወንጀል ሕግ ከሰማይ አልወረደም፤ በምርጫ የተወከሉ የምክር ቤት አባላት ያጸደቁት ነው። ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ ከታላቁ የግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ስድስት ቀን ቀደም ብሎ ነበር። በዚያ ምርጫ ስለ መሬት፣ ስለ ፌዴራል አወቃቀርና ስለ ዴሞክራሲ ብዙ ክርክር ተደርጓል፤ የማኅፀን ሕይወት ግን የምርጫው ዋና መከራከሪያ አልነበረም። በሌላ በኩል በአሜሪካ ይህ ጉዳይ የምርጫ ማዕከል ሆኖ ቆይቷል። በ1973 እ.ኤ.አ. የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፅንስ ማቋረጥን ሕገ መንግሥታዊ መብት ካደረገው በኋላ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ያንኑ ውሳኔ ሽሮ ጉዳዩን ለየክፍላተ ግዛቱ መልሶታል። በዚያ የሚኖሩ ምእመኖቻችንም ድምፃቸውን ሲሰጡ በዚህ ጥያቄ ይፈተናሉ፤ አንዱ ዕጩ ስለ ፅንስ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር ሲስማማ ስለ ስደተኛውና ስለ ድኻው ላይስማማ ይችላልና።

የእኛ ሀገር ሁኔታ ከዚህ ይለያል፤ ኃላፊነቱ ግን አንድ ነው። የደቡብ ኦሞ ሕዝብ ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ድምፁን ሰጥቶ ዛሬ የምንኖርበት የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል እንዲመሠረት አድርጓል። ስለ ክልል አደረጃጀት ድምፅ መስጠት የቻለ ሕዝብ ስለ ሕፃናቱና ስለ እናቶቹ መሪዎቹን መጠየቅ አያቅተውም።

ቤተ ክርስቲያን ማንን ምረጡ ትላለች?

አጭሩ መልስ፦ ማንንም አትልም። የሀገሪቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። ከዚህ በላይ ግን የቤተ ክርስቲያን ጠባይ ይህን ይጠይቃል። በአንድ ቅዳሴ የሚቆሙ፣ ከአንድ ጽዋ የሚቀበሉ ምእመናን የተለያየ ፓርቲ ሊመርጡ ይችላሉ። ዐውደ ምሕረቱ ለአንዱ ዕጩ ከተሰጠ ሌላው ልጅ ከቤቱ እንደ ተባረረ ይቈጥራል። ስለዚህ ካህንም ዲያቆንም በመድረኩ ላይ የፓርቲ ስም ሊጠራ አይገባውም።

ነገር ግን ማንን እንደሚመርጡ አለማዘዝ እና እንዴት እንደሚመረጥ አለማስተማር የተለያዩ ናቸው። ምርጫ ለክርስቲያን እንግዳ ነገር አይደለም። ሐዋርያት ሰባቱን ዲያቆናት ሲሾሙ ሕዝቡ በመልካም የተመሰከረላቸውን፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸውን እንዲመርጥ አድርገዋል (ሐዋ. 6፥3)። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ በወጣው ቃለ ዐዋዲ መሠረት በየአጥቢያው የሰበካ ጉባኤ አባላትን ስንመርጥ ኖረናል። ዮቶር ለሙሴ አለቆች ምን ዓይነት ሰዎች ሊሆኑ እንደሚገባ ሲመክረው አራት መመዘኛ ሰጥቶታል፤ ዐቅም ያላቸው፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ የታመኑ፣ የግፍን ረብ የሚጠሉ (ዘጸ. 18፥21)። በመጽሐፈ መሳፍንትም ኢዮአታም በምሳሌ እንደ ተናገረው ፍሬ የሚሰጡት ዛፎች ኃላፊነትን ሸሽተው ሲቀሩ የሚነግሠው እሾህ ነው (መሳ. 9፥8-15)። ቀና ሰዎች «ፖለቲካ አያገባንም» ብለው ቤታቸው ሲቀመጡ የሚሆነው ይኸው ነው።

በእነዚህ መመዘኛዎች ላይ ቆመን፣ በአካባቢያችን ድምፃችንን ለሚጠይቅ ዕጩ በአክብሮት ልናቀርባቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ።

1. ስለ ሚንጊ ምን ትላለህ? በከተማ ስብሰባ ላይ ብቻ ሳይሆን በቆላው ሽማግሌዎች ፊት ሕፃን መግደል ይቅር ለማለት ትደፍራለህ? ከሞት ለተረፉት ሕፃናትስ ማደሪያና ትምህርት ታመቻቻለህ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ለእያንዳንዱ ሕፃን በሕይወት የመኖር መብት ሰጥቷል፤ ይህን ለማስፈጸም ምን ታደርጋለህ?

2. በቱርሚ ወይም በዲመካ በኩል ምጥ የያዛት እናት ጂንካ ሆስፒታል እስክትደርስ ምን ታገኛለች? መንገዱ፣ አምቡላንሱ፣ አዋላጅዋስ? ስለ ሕይወት የሚናገር ነገር ግን የወላድን መንገድ የሚረሳ ዕጩ ንግግሩ ግማሽ ነው።

3. የተጠለፈችና የተደፈረች ልጅ ወደ ፖሊስና ወደ ፍርድ ቤት ስትመጣ ጉቦና ዝምድና እንዳይረታት ምን ታደርጋለህ?

4. በፀነሰችበት ምክንያት ከትምህርቷ የተስተጓጎለች ተማሪ ወልዳ እንድትመለስ ትረዳለህ?

እነዚህን ጥያቄዎች ሁሉ በሚገባ የሚመልስ ዕጩ ላይገኝ ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ምእመናን ይጨነቃሉ፤ «አንድ ነገር ላይ ከእምነቴ የሚለይ ዕጩ ብመርጥ የኃጢአቱ ተካፋይ እሆናለሁን?» ይላሉ። መልሱ በምንመርጥበት ምክንያት ላይ የተመሠረተ ነው። አንድን ሰው ለክፉ ሥራው ብሎ፣ ያንን ሥራ እንዲፈጽም ፈልጎ የሚመርጥ ከሥራው ጋር ይተባበራል። ያሉትን ዕጩዎች መዝኖ፣ ክፋቱን ሳይወድ፣ ለጋራ ጥቅም ከሌላው የተሻለውን የሚመርጥ ግን ፍጹም ባልሆነ ዓለም የሚገባውን አድርጓል። ይህም ግዴታውን አይጨርስም፤ በመረጠው ሰው ላይ ስሕተት ባየ ጊዜ መናገር ይገባዋል። ስለ ዲዳውና ስለ ምስኪኑ አፍን መክፈት በመጽሐፈ ምሳሌ የተሰጠ ትእዛዝ ነው (ምሳ. 31፥8-9)። ከማኅፀን ፅንስና ዱር ከተጣለ ሕፃን የበለጠ ዲዳ ማን አለ?

በዘር፣ በዝምድና ወይም በተሰጠ ስጦታ ድምፅን መሸጥ ግን በየትኛውም ስሌት አይፈቀድም። የግፍን ረብ የሚጠላ መሪ የሚፈልግ ሕዝብ አስቀድሞ ራሱ ረቡን መጥላት አለበት።

ድምፅ የማይደርስበት ቦታ

የምርጫ ካርድ ብዙ ይሠራል፤ ሁሉን ግን አይሠራም። የወንጀል ሕጉ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ቢሆንም፣ በካራ ሚንጊ የቆመው ሽማግሌዎች ተሰብስበው ልባቸው በተለወጠ ጊዜ ነው። አዋጅ በር ላይ ያንኳኳል፤ የሚከፍተው ግን የቤቱ ባለቤት ነው። በዚህ ምክንያት በየበረሃው በሕዝቡ ቋንቋ የሚያስተምሩ ሰባክያነ ወንጌል ሥራ ከየትኛውም ምክር ቤት ሥራ አያንስም።

ፈርዖን የዕብራውያንን ወንዶች ልጆች ሲወለዱ እንዲገድሉ አዋላጆችን ባዘዘ ጊዜ ሕፃናቱን ያተረፉት በንጉሡ ቤት ሥልጣን የነበራቸው አልነበሩም። እግዚአብሔርን የፈሩ አዋላጆች ነበሩ (ዘጸ. 1፥15-21)። ሄሮድስ የቤተ ልሔምን ሕፃናት ባስፈጀ ጊዜ ጌታን ይዞ የሸሸው አረጋዊው ዮሴፍ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን እነዚያን ሕፃናት በጥር 3 ቀን ታስባቸዋለች። ይኸው ጻድቅ ዮሴፍ እመቤታችን ፀንሳ ባገኛት ጊዜ፣ ምሥጢሩ ገና ሳይገለጥለት እንኳ ሊያጋልጣት አልወደደም (ማቴ. 1፥19)። ያላገባች ልጅ የፀነሰችበት ቤተሰብ ሁሉ ቢያንስ የዮሴፍን ርኅራኄ ይማር።

ስለዚህ እያንዳንዳችን የምንችለው አለ። ወላጆች፣ ልጃችሁ ፀንሳ ብትመጣ የመጀመሪያው ቃላችሁ «አይዞሽ» ይሁን፤ ተግሣጹ በጊዜው ይደርሳል። ወጣት ወንዶች፣ ያስፀነሳችኋትን ትታችሁ ብትሄዱ ከውርጃው ዕዳ ነፃ አይደላችሁም። የሰንበት ትምህርት ቤትና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ በየአጥቢያችን ለእንዲህ ያለች እናት የወር ቀለብና የአራስ ልብስ የሚያዘጋጅ አንድ ትንሽ ሣጥን ለማቋቋም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ዐቅም ያላችሁ ቤተሰቦች፣ ሚንጊ ተብሎ የተጣለ ሕፃን በሕጋዊ መንገድ ተቀብላችሁ ማሳደግን አስቡ።

አስቀድማ ፅንስ ያስወረደች እኅት ይህን የምታነቢ ብትሆኚ፣ የአባቶች ቀኖና በር የዘጋ እንዳልሆነ ከላይ አይተሻል። ጌታችን ሊወግሯት ያመጧትን ሴት አልፈረደባትም፤ ዳግመኛ እንዳትበድል ግን አሰናበታት (ዮሐ. 8፥1-11)። ወደ ንስሓ አባትሽ ሂጂ። ብቻሽን የተሸከምሽው ሸክም ለብቻሽ የተሰጠ አይደለም።

ለሀገራችን መሪዎች መጸለይ ሐዋርያው ያዘዘን ሥራ ነው (1ኛ ጢሞ. 2፥1-2)፤ በየቅዳሴውም የምናደርገው ይህንኑ ነው። በድምፅ መስጫው ዕለት ወደ ጣቢያው ስንሄድም ያንኑ ጸሎት ይዘን እንሂድ፤ ድምፃችንን ሰጥተን ስንመለስም በሌላ መንገድ የመረጠውን ወንድማችንን እንደ ጠላት አንይ። በማኅፀን ያሉትን የሚጠብቅ፣ በዱር የተጣሉትን የሚሰበስብ አምላክ፣ ለእኛም ለመሪዎቻችንም ማስተዋልን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።